ፕሌቭናን ያሳጣው ማን ነው?

ቡልጋሪያ አምስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በኦቶማን ቱርኮች አገዛዝ ሥር ቆይታለች። በ1876 ዓ.ም. ጸደይ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተራራማዎቹ አውራጃዎች የሚኖሩ ቡልጋሪያውያን ለነጻነታቸው ተነሡ። መሣሪያ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። የቼሪ ዛፍ ግንድ ቦርቡረው፣ በብረት ቀለበት አስረው መድፍ እስከ መሥራት ደርሰው ነበር። አመጹ በጥቂት ሳምንታት ተደመሰሰ። ከደምሳሾቹ ብዙዎቹ ባሺባዙቅ የሚባሉ፣ መደበኛ ደመወዝ የሌላቸውና በዘረፋ የሚያድሩ ጭፍሮች ነበሩ። ከሁሉም የከፋው ባታክ በምትባል ቦታ የሆነው ነው። ሕዝቡ ሸሽቶ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ እዚያው አለቀ።

ወሬው ለንደን ሲደርስ የእንግሊዝ መንግሥት ሊያምነው አልፈለገም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲዝራኤሊ የቡና ቤት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው። እንግሊዝ ቱርክን የምትፈልጋት ሩሲያን ከሜዲትራኒያን ባሕር የምታግድ አጥር አድርጋ ነበርና የአጥሯን ነውር መስማት አልወደደችም። እውነቱን አይቶ የሚናገር ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህ ሰው ጃኑዋሪየስ ማክጋሃን ነው።

ማክጋሃን አሜሪካዊ ነው፤ ኦሃዮ ውስጥ ከአይሪሽ ቤተሰብ ተወልዶ በገጠር ያደገ። በ1873 የሩሲያ ጦር በመካከለኛው እስያ ወደ ኺቫ ሲዘምት፣ ያለ ፈቃድ በረሃውን በፈረስ አቋርጦ ደርሶበታል። በዚያ ዘመቻ ሚካኤል ስኮቤሌቭ ከሚባል ወጣት መኮንን ጋር ተዋወቁ፤ ወዳጅነታቸው እስከ መቃብር ጸና። ሚስቱ ቫርቫራ የላጊና ሩሲያዊት ነበረች። በ1876 በጋ ለለንደኑ «ዴይሊ ኒውስ» ጋዜጣ እየሠራ፣ ዩጂን ስካይለር ከሚባለው የአሜሪካ ዲፕሎማት ጋር ባታክ ገባ። ጭፍጨፋው ካለፈ ወራት ቢቆጠሩም ሬሳው አልተቀበረም ነበር። ማክጋሃን ከከተማዋ መግቢያ ጀምሮ ያየውን የራስ ቅል ክምር፣ በአካባቢው የሚዞሩትን ውሾች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አንድ በአንድ ጻፈ። የማጋነን ቃል አላበዛም። ያየውን ቆጠረ፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ ገለጸ፣ ላከ።

ጽሑፎቹ እንግሊዝን አናወጧት። ቀደም ሲል የተቃዋሚው ወገን መሪ የነበረው ግላድስተን በመስከረም 1876 ስለ ቡልጋሪያ ግፍ ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ በአንድ ወር ውስጥ ወደ 200 ሺህ ቅጂ ተሸጠች። ከዚያ በኋላ ማንም የእንግሊዝ መንግሥት በ1854 በክራይሚያ እንዳደረገው ከቱርክ ጎን ቆሞ ሩሲያን ሊወጋ አልቻለም፤ ሕዝቡ አይፈቅድለትምና። የአንድ ሰው ብዕር የአንድን ኃያል መንግሥት መርከብ ወደብ ላይ አሰረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማክጋሃንን ገና ከመነሻው ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጦርነት ላይ የተመሠረተ «የቱርክ ጋምቢት» የሚባል ታዋቂ የሩሲያ የስለላ ልቦለድና ፊልም አለ። በልቦለዱ ውስጥ ማክላፍሊን የሚባል አይሪሽ የለንደን ጋዜጠኛ ይገኛል፤ ማክጋሃንን ያወቀ ሰው የማን መልክ እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ባለታሪኳ ወጣት ሴትም ቫርቫራ ትባላለች። ጦሩን ተከትለው የሚጓዙት ጋዜጠኞችና መኮንኖች ሁሉ በልቦለዱ ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የቱርክ ሰላይ ነው፤ ሩሲያም የምትሸነፈው በእርሱ ተንኰል ነው። ጥሩ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ይወጣዋል። እኔ ግን ታሪኩ በእውነት የሄደበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ፕሌቭናን ለማሳጣት ሰላይ አላስፈለገም ነበርና።

በ1876 መጨረሻ ኃያላኑ መንግሥታት ኢስታንቡል ተሰብስበው ሱልጣኑ በባልካን ለውጥ እንዲያደርግ ለመኑ፣ አስፈራሩ። ጉባኤው በተከፈተበት ዕለት፣ ታኅሣሥ 23፣ ታላቁ ቪዚር ሚድሃት ፓሻ የመጀመሪያውን የኦቶማን ሕገ መንግሥት በመድፍ ተኩስ አሳወጀ። ሕገ መንግሥት ካለን የእናንተ ለውጥ ምን ያደርግልናል የሚል መልስ ነበር። ሱልጣን አብዱልሃሚድ ሁለተኛ ግን ብዙም ሳይቆይ፣ በየካቲት 1877፣ ሚድሃትን ሽሮ ከአገር አስወጣው። የልቦለዱ ሰላይ አንዋር ኤፈንዲ የዚህ የሚድሃት ፓሻ ምስጢረኛ ተደርጎ ነው የተሣለው።

ሩሲያም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በዚያው ክረምት ፒዮትር ፓሬንሶቭ የሚባል የጦር መኮንን ቡካሬስት ተላከ። ሥራው ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ያለው የቱርክ ጦር ስንት ነው፣ የት ነው፣ ምን ያህል መድፍ አለው የሚለውን ማጣራት ነበር። ቡካሬስት ውስጥ ኤቭሎጊ ጌኦርጊየቭ የሚባል ቡልጋሪያዊ ባለጸጋ ነጋዴ ረዳው። ጌኦርጊየቭ እህል የሚነግድ ሰው ነው፤ ወኪሎቹ በየዳኑብ ወደቡ አሉ። እህል የሚገዛ ሰው ወደ ምሽግ ከተማ ቢገባ፣ ስንት ሺህ አፍ እንደሚመገብ ቢጠይቅ ማን ይጠረጥረዋል? ያኔ ስለላ ማለት በአብዛኛው ይህ ነበር። ነጋዴው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ቄሱ፣ የቀን ሠራተኛው እያዩ ይቆጥራሉ፤ አንድ መኮንን ደግሞ ማታ በሻማ ብርሃን ቁጥሮቹን ያመሳክራል። ፓሬንሶቭ ራሱም ማዶ ተሻግሮ የቱርኮችን ምሽግ አይቷል። በኋላ ቡልጋሪያ የራሷን መንግሥት ስታቆም የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር እርሱ ሆነ። የጌኦርጊየቭ ሀብት ደግሞ የሶፊያ ዩኒቨርሲቲን ሕንፃ አቁሟል። ዛሬም የእርሱና የወንድሙ ሐውልት በሩ ላይ ተቀምጧል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1877 ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሁለተኛ ኪሺኒዮቭ ላይ ሆነው ጦርነት አወጁ። ዋና አዛዡ ወንድማቸው ታላቁ መስፍን ኒኮላይ ነበር። ጦሩ በሩማንያ አልፎ ዳኑብ ዳር ሰፈረ፣ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሁለት ወር ጠበቀ።

የምስጢር ሥራ በእውነት ፍሬ ያፈራበት ጊዜ ይህ ነው። ሩሲያውያን የሚሻገሩበትን ቦታ ከጥቂት ሰዎች በቀር ማንም እንዳያውቅ አደረጉ፤ ኒኮፖል በምትባለው የቱርክ ምሽግ ፊት ለፊት መድፍ እያስተኮሱ በዚያ የሚሻገሩ መሰሉ። በሰኔ 27 ሌሊት ግን የጄኔራል ድራጎሚሮቭ ክፍለ ጦር ከዚምኒጫ ተነሥቶ በጀልባ ወደ ስቪሽቶቭ ተሻገረ። ያን የሚያህል ወንዝ፣ ያን የሚያህል ጦር፣ የጠፋው ሰው ቁስለኛው ተጨምሮ አንድ ሺህ አልሞላም። ድልድይ ተሠራ። ጄኔራል ጉርኮ ፈረሰኛውን ይዞ ወደ ደቡብ ገሠገሠ፣ የባልካንን ተራራ ተሻገረ፣ የሺፕካን በር ያዘ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መንገዱ እስከ ኢስታንቡል ክፍት የሆነ መሰለ። ድልም ዓይንን ያደነዝዛል።

እዚህ ላይ አንዲት ከተማ ተረሳች። ፕሌቭና ከዳኑብ በስተደቡብ፣ ኮረብታ በከበበው ሸለቆ ውስጥ ያለች የንግድ ከተማ ናት። ከሶፊያ፣ ከኒኮፖል፣ ከስቪሽቶቭ፣ ከባልካን በር የሚመጡ መንገዶች በእርሷ ያልፋሉ። ፕሌቭናን የያዘ ሰው የሩሲያን ጦር ጎን ይወጋል፤ ድልድዩንም ያሰጋል። በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ የኮሳክ ፈረሰኞች ገብተውባት ነበር። ቡልጋሪያውያኑ ነዋሪዎች በደስታ ተቀበሏቸው። ኮሳኮቹ ግን አላደሩባትም፤ ወጥተው ሄዱ። እነርሱ እንደወጡ ጥቂት የቱርክ ጭፍራ ከኒኮፖል መጥቶ ያዛት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ሰዓት ነው። ያን ቀን አንድ ክፍለ ጦር ቢገባ ያለ ተኩስ የምትያዝ ከተማ ነበረች።

ጄኔራል ክሩድነር በምዕራብ በኩል የተሰጠውን ጦር ይዞ በመጀመሪያ ኒኮፖልን ለመያዝ ሄደ፣ ሐምሌ 16 ያዛት፣ ወደ 7 ሺህ ምርኮኛም አገኘ። ይህ የሆነው በእውነት ነው። ልቦለዱና ፊልሙ ትልቁን ፈጠራቸውን የተከሉትም እዚሁ ላይ ነው። በእነርሱ ታሪክ ከዋናው ሠፈር የወጣው ትእዛዝ «ፕሌቭናን ያዝ» የሚል ነበር፤ በምስጢር ጽሕፈት ሲገለበጥ ግን አንድ ስውር እጅ «ኒኮፖልን ያዝ» አደረገው። ምስጢር ጽሕፈቱን የገለበጠው የቫርቫራ እጮኛ በክህደት ተጠርጥሮ ይታሰራል፤ ከቱርክ ምርኮ አምልጦ የመጣው ወጣቱ መርማሪ ኤራስት ፋንዶሪንም እውነተኛውን ጠላት ፍለጋ ይነሣል።

የደራሲውን ብልሃት አደንቃለሁ። ታሪክ ውስጥ እውነተኛ ስንጥቅ አገኘ፣ ልቦለዱንም ስንጥቁ ውስጥ ተከለ። እውነተኛው ነገር ግን ከልቦለዱ የበለጠ የሚያስቆጭ ነው።

ኦስማን ፓሻ ቪዲን በምትባለው የዳኑብ ምሽግ ከ15 ሺህ የማይበልጥ ጦር ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሐምሌ 13 ተነሣ። በሐምሌ ፀሐይ፣ በአቧራ፣ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ በአንድ ሳምንት ገሠገሠ። ከወንዙ ማዶ፣ ከቪዲን ፊት ለፊት የሰፈረው የሩማንያ ጦር ይህ ሁሉ ሰው ሲወጣ በዓይኑ አየ፣ ለሩሲያውያንም ነገረ። ወሬው በጊዜው ለሚመለከተው ሰው አልደረሰም፤ የደረሰውም ከቁም ነገር አልጣፈውም። የሩሲያ ፈረሰኛ በዚያ አገር በሺህ የሚቆጠር ነበር፤ ኦስማን ፓሻ የመጣበትን መንገድ የሚጠብቅ ግን አልነበረም። ሐምሌ 19 ኦስማን ፕሌቭና ገባ። ወታደሮቹ ከጉዞው ድካም ሳያርፉ አካፋና ዶማ አነሡ።

በማግሥቱ፣ ሐምሌ 20፣ ጄኔራል ሺልደር ሹልድነር ወደ 7,500 ሰው ይዞ ፊት ለፊቱ ያለው ስንት እንደሆነ ሳያጣራ አጠቃ። ከያዘው ሰው ሲሦ የሚያህለው ወደቀ። ሐምሌ 30 ክሩድነር ራሱ ከ25 ሺህ በላይ ይዞ መጣ፤ ወደ 7 ሺህ ሰው ጠፋ። ያን ማታ ሽብሩ እስከ ስቪሽቶቭ ድልድይ ደረሰ፤ ቱርኮች መጡ ተብሎ ሰዉና ጋሪው ወደ ወንዙ ተግተለተለ።

በልቦለዱ የተዛባ ቴሌግራም አለ። በታሪክ ያለው ቴሌግራም ደግሞ ያልተዛባ ነው፤ ይበልጥ የሚያስደነግጠውም ለዚህ ነው። ከሁለተኛው ሽንፈት በኋላ ታላቁ መስፍን ኒኮላይ ለሩማንያው ልዑል ካሮል ቴሌግራም ላከ፤ ቱርኮች ፕሌቭና ላይ ብዙ ጦር አከማችተው እያደቀቁን ነውና በፈለግህበት በኩል ዳኑብን ተሻግረህ ድረስልን የሚል ነበር። ከጥቂት ሳምንት በፊት የሩማንያን እርዳታ አያስፈልገንም ያለው የሩሲያ ጦር ነው ይህን የላከው። ካሮል ተሻገረ፤ በወጉም የፕሌቭና ዙሪያ ጦር አዛዥ እርሱ ተባለ።

ኦስማን እንዲህ የጠነከረው በምን ነው? በአካፋና በጠመንጃ ነው። ወታደሮቹ ፒቦዲ ማርቲኒ የሚባል፣ አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ የተሠራ ጠመንጃ ነበራቸው። ከሩቅ ይመታል፤ ጥይቱም በሣጥን በሣጥን ምሽጉ ውስጥ አጠገባቸው ተከምሯል። ብዙዎቹ ሩሲያውያን የያዙት ክርንካ የሚባለው ጠመንጃ ደግሞ የሚመታበት ርቀት አጭር ነው። የሩሲያ መኮንኖች ድል በሳንጃ ነው ተብሎ ያደጉ ነበሩ። ሰልፋቸውን አሳምረው፣ ከበሮ እየተመታ፣ ገና ጠላታቸው ከማይታይበት ርቀት ላይ ወደሚዘንበው ጥይት ገቡ። ይህን ለማወቅ የጠላትን ምስጢር መስረቅ አያስፈልግም፤ ጠመንጃው በአሜሪካ ፋብሪካ በይፋ ታዝዞ፣ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነው።

ለእኛ አንባቢዎች የምትቀርብ አንዲት ነገር እግረ መንገዴን ላንሣ። የግብጹ ኬዲቭ እስማኤል የሱልጣኑ ተገዢ ስለነበር ለዚህ ጦርነት ወታደሮች ላከ። አዛዣቸው ልጁ ልዑል ሐሰን ፓሻ ነበር። ይኸው ሐሰን ፓሻ በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የግብጽን ጦር ድል ባደረጉበት ዘመቻ ውስጥ ነበር። ከጉራ ሽንፈት ሁለት ዓመት ሳይሞላው በጥቁር ባሕር ዳር፣ ቫርና ላይ፣ ሩሲያውያንን ሊወጋ ተሰለፈ።

ሦስተኛው የፕሌቭና ውጊያ የመስከረሙ ነው። ከመስከረም 7 ጀምሮ የሩሲያና የሩማንያ መድፎች ሌት ተቀን ደበደቡ። ኦስማን የፈረሰውን ምሽግ ሌሊት በአካፋ ይጠግነዋል። ጥቃቱ ለመስከረም 11 ተወሰነ፤ በሩሲያውያን የቀን አቆጣጠር ነሐሴ 30፣ የንጉሠ ነገሥቱ የስማቸው ቅዱስ በዓል ነበር። ያን ዕለት ዝናብ ዘነበ፣ ጭጋግ ወረደ፣ መሬቱ ጭቃ ሆነ። ሠዓሊው ቫሲሊ ቬሬሽቻጊን በኋላ የሣለው ሥዕል አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኮረብታ ላይ በተዘረጋ ወንበር ተቀምጠው፣ መኮንኖቹ ከኋላቸው ተኮልኩለው፣ ሩቅ ላይ ጢሱን ያያሉ። ሥዕሉ ላይ የሚዋጋ ወታደር አይታይም። ያ ጢስ ውስጥ የሠዓሊው ወንድም ሰርጌይ ነበር፤ በዚያው ዕለት ሞተ።

በምሥራቅ በኩል ሩማንያውያን በብዙ ደም አንዱን የግሪቪጻ ምሽግ ያዙ። በደቡብ ስኮቤሌቭ፣ እንደ ልማዱ ነጭ ልብስ ለብሶ በነጭ ፈረስ፣ ሰዎቹን መርቶ ሁለት ምሽጎች ያዘ። ከእነዚያ ምሽጎች ከተማዋ በቅርብ ትታያለች። አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። ረዳት ጦር ላኩልኝ አለ። ደጋግሞ አለ። ከኋላ ያልተነካ ብዙ ጦር ቆሞ እያለ የመጣለት ግን ኢምንት ነው፤ የበላይ አዛዦቹ ጦርነቱ በምሥራቁ በኩል የሚወሰን መስሏቸዋልና። ስኮቤሌቭ ሌሊቱን በሬሳ ክምር ተከልሎ ተዋጋ። በማግሥቱ ኦስማን ከየምሽጉ ሰው ሰብስቦ ደጋግሞ መታው፤ ምሽጎቹም ከሰዓት በኋላ ተለቀቁ።

ማክጋሃን በዚያ ሰዓት አየው። የማክጋሃን እግር ከጦርነቱ በፊት ተሰብሮ ስላልዳነለት በጋሪና በፈረስ እየተደገፈ ነበር ጦሩን የሚከተለው። ወዳጁ ከውጊያው ሲወጣ ልብሱ በጭቃ ተለውሶ፣ ፊቱ በባሩድ ጠቁሮ፣ ጎራዴው ተሰብሮ፣ ድምፁ ተዘግቶ እንደነበር ለጋዜጣው ጻፈ። ያን ቀን ስኮቤሌቭን ማን ከዳው? ምንም ሰላይ አልከዳውም። ኮረብታው ላይ ሆነው ካርታ ያዩ የነበሩ ሰዎች ናቸው ያልደረሱለት።

በሁለቱ ቀናት ከ15 ሺህ በላይ ሩሲያውያንና ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሩማንያውያን ወደቁ።

ከዚህ በኋላ ከዓመታት በፊት ሴባስቶፖልን በምሽግ ጥበቡ የተከላከለው ሽማግሌው ጄኔራል ቶትሌበን ከፒተርስበርግ ተጠራ። ዙሪያውን ዞሮ አየ፤ አራተኛ ጥቃት አይኖርም፣ ከተማዋ ትከበብ፣ ረኃብ ይፍታት አለ። ጉርኮ በጥቅምት መጨረሻ የሶፊያን መንገድ የሚጠብቁትን ጎርኒ ዱብኒክንና ቴሊሽን ያዘ። ቀለበቱ ተዘጋ። ኦስማን ቀደም ብሎ ልውጣ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ኢስታንቡል ግን ጽና አለችው። የእርሱም ጥፋት ከሩቅ ሆነው ካርታ ከሚያዩ ሰዎች ነው የመጣው።

ታኅሣሥ 10 ጠዋት ኦስማን የቀረውን ጦር ይዞ የቪትን ወንዝ ተሻገረ፣ የመጀመሪያውን የሩሲያ መስመር ሰበረ። ከዚያ እግሩ በጥይት ተመታ፤ ጦሩ የሞተ መስሎት ተበተነ። ያን ቀን ወደ 43 ሺህ ሰው እጁን ሰጠ። ታላቁ መስፍን ኒኮላይ እጁን ጨበጠው፣ የሩሲያ መኮንኖች ሰላምታ ሰጡት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ጎራዴውን መለሱለት። አክብሮቱ ተገቢ ነበር። ተራው ምርኮኛ ግን ያን ዕድል አላገኘም። በበረዶ ውስጥ ወደ ዳኑብ ሲነዳ ከብርድና ከረኃብ የተነሣ በሺዎች የሚቆጠሩት በየመንገዱ ቀሩ። በፊልሞች ላይ የኦስማንን ጎራዴ ደጋግመን እናያለን፤ የእነዚህን ሰዎች መንገድ የሚያሳየን ብዙ የለም።

ፕሌቭና ከወደቀች በኋላ ጦርነቱ ፈጠነ። ጉርኮ በክረምት በረዶ ባልካንን ተሻግሮ ጥር 4 ቀን 1878 ሶፊያ ገባ። ከአምስት ቀን በኋላ በሺፕካና በሼይኖቮ የቱርክ ጦር እጁን ሰጠ። ጥር 20 ኤዲርኔ ተያዘች፤ ጥር 31 ተኩስ ቆመ። በየካቲት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በዳርዳኔልስ በኩል አልፈው ኢስታንቡል አጠገብ ቆሙ። የሩሲያ ጦር በከተማዋ ዳር፣ ሳን ስቴፋኖ፣ ሰፍሯል። አንድ የሩሲያ ሻለቃ ጦር በስሕተት ወይም በጀብድ ከተማዋ ቢገባ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ይነሣል። ልቦለዱ የመጨረሻ ወጥመዱን የዘረጋውም በዚህች ጥብቅ ሰዓት ላይ ነው። ጋምቢት በቼዝ ጨዋታ ትልቁን ለማግኘት ትንሹን መሥዋዕት ማድረግ ነው፤ የሰላዩ ሐሳብም ድልን ለሩሲያውያን ሰጥቶ ጥፋታቸውን በዚያው ድል ማምጣት ነበር። ይህ የመጽሐፉ ክፍል ስለ ፖለቲካው ጭንቀት እውነትን ይናገራል፤ በዚያ ወር አውሮፓ በእርግጥ ከጦርነት አንድ ክር ቀርቷት ነበር።

መጋቢት 3 ቀን 1878 በሳን ስቴፋኖ ውል ተፈረመ። ሰፊ ቡልጋሪያ በወረቀት ላይ ተወለደች። ማክጋሃን ውሉን ለማየት በቃ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን በሰኔ ኢስታንቡል ውስጥ ሞተ። የታመመ ወዳጁን ሲያስታምም ነው ተስቦው የያዘው። ስኮቤሌቭ በቀብሩ ላይ አለቀሰ። በዚያው ወር በበርሊን ኃያላኑ ተሰበሰቡና ሰፊዋን ቡልጋሪያ ለሦስት ከፈሏት። ሩሲያ ካርስንና ባቱምን አገኘች፣ ኦስትሪያ ቦስኒያን ያዘች፣ ምንም ጥይት ያልተኮሰችው እንግሊዝ ቆጵሮስን ወሰደች።

ሰዎቹ እየተለያዩ አለፉ። ስኮቤሌቭ በ1882 ሞስኮ ውስጥ በሆቴል ክፍል በ38 ዓመቱ በድንገት ሞተ። የማክጋሃን አጽም በ1884 ወደ ትውልድ ቦታው ተመለሰ፤ ቡልጋሪያውያን እስካሁን እንደ ባለውለታቸው ያከብሩታል። ኦስማን ፓሻ «ጋዚ» ተብሎ ኢስታንቡል ውስጥ ተከብሮ ኖሮ በ1900 ዐረፈ። ቬሬሽቻጊን በ1904 ፖርት አርተር ላይ ሌላ ጦርነት ሊሥል ከተሳፈረበት መርከብ ጋር ሰጠመ።

ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ አለፈና በ1998 ቦሪስ አኩኒን በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው የጃፓንኛ ተርጓሚና ምሁር ግሪጎሪ ችኻርቲሽቪሊ «የቱርክ ጋምቢት»ን አሳተመ። በየካቲት 2005 ፊልሙ ወጣ። ዳይሬክተሩ ጃኒክ ፋይዚየቭ፣ ፋንዶሪንን ሆኖ የተወነው የጎር ቤሮየቭ፣ ቫርቫራን ኦልጋ ክራስኮ፣ በስኮቤሌቭ አምሳል የተሣለውን ጄኔራል ሶቦሌቭን አሌክሳንደር ባሉየቭ። ካሠሩት ዋነኛው የመንግሥት ቴሌቪዥን የሆነው ቻናል አንድ ነው። ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ እስከዚያን ጊዜ ከታዩት የሩሲያ ፊልሞች ሁሉ ላቀ። መጽሐፉን ያነበበ ሰው እንኳ እንዳይገምት መጨረሻውን ለውጠው፣ የሰላዩን ማንነት ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ እዚህ አልናገርም።

ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው። ልብሱ፣ ፈረሱ፣ ምሽጉ በእንክብካቤ ተሠርቷል፤ የሚያምረው የቡልጋሪያ መልክአ ምድርም አለበት። የምነቅፍበት አንድ ነገር ግን ቀላል አይደለም። ተመልካቹ ከአዳራሹ የሚወጣው ያ ሁሉ ሰው የሞተው አንድ ጠላት ቴሌግራም ስለለወጠ ነው ብሎ ነው። ለፕሌቭና ሰላይ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ኮሳኮቹ ባዶ ከተማ ለቀው መውጣታቸው፣ የሩማንያውያን ወሬ ችላ መባሉ፣ የስኮቤሌቭ ጥሪ መልስ ማጣቱ በምስጢር አልተሠራም፤ በፀሐይ፣ በብዙ ሰው ፊት ተሠርቷል። ጥፋትን ለሰላይ መስጠት ለአዛዦች ይመቻል፤ ለሞቱት ግን ፍትሕ አይሆንም። ባታክን ለዓለም ያሳየውም ሰው ስሙን ደብቆ የመጣ አልነበረም፤ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ በፊት በር የገባ ጋዜጠኛ ነው።

የፊልሙ ደራሲ የኋላ ዕጣ ደግሞ ይህ ነው። አኩኒን በ2014 ሩሲያ ክራይሚያን ስትይዝ ተቃውሞ ከአገሩ ወጣ፤ በ2022 የተጀመረውንም የዩክሬን ጦርነት በግልጽ አወገዘ። በታኅሣሥ 2023 የሩሲያ መንግሥት በአሸባሪዎችና ጽንፈኞች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ መጻሕፍቱም ከአገሪቱ ትልልቅ መደብሮች ተነሡ።